ጅሬን በክረምት፦ ዝናቡን ሳንሸሽ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለመጎብኘት ዝርዝር መመሪያ

ሐምሌ በገባ ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ዘመዶቼ የሚሉኝ አንድ ነው። «ጅማ አሁን ጭቃ ነው አይደል? ጥቅምት ላይ እንመጣለን።» ጥቅምት ይመጣል፤ እነሱ አይመጡም። ልጆች ትምህርት ጀምረዋል፣ ሥራ ተደራርቧል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ያልፋል። ደግሞም የጅማ ዝናብ የሐምሌና የነሐሴ ብቻ አይደለም። መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንድ ዓመት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት አገር ነው። ደረቅ ነው ብለን አፋችንን ሞልተን የምንናገረው ከኅዳር እስከ ጥር ስላለው ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ እንግዳ ሲመጣልኝ ከጅማ ከተማ አጠገብ ያለው ጅሬን ተራራ ላይ በክረምት ባወጣው ደስ ይለኛል። ተራራው ላይ ያለው የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዝናብ በማያባራበት አገር፣ ዝናቡን በሚያውቁ ሰዎች እጅ የተሠራ የእንጨት ቤት ነው። በበጋ ስታዩት ያማረ ቤት ታያላችሁ፤ ውሃ ከጣሪያው ሲወርድ ስታዩት ግን ለምን እንደዚያ ተደርጎ እንደታነጸ ይገባችኋል። በዚያ ላይ ሰው ስለማይበዛ አስጎብኚው ጊዜ ይኖረዋል፤ የጠየቃችሁትን ሁሉ ቆሞ ያስረዳችኋል። በበጋ ቅዳሜና እሑድ ይህን አታገኙም።

ክረምቱ ግን ሳይዘጋጁ የሚገቡበት አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዓመታት እንግዳ ይዤ ስወጣና ስወርድ የተማርኩት ነው።

1. ወሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን መምረጥ

ክረምት ሁሉ አንድ አይደለም። ሰኔ ላይ መሬቱ ገና ውሃ አልጠገበም፤ ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ያድራል፣ በማግሥቱ ረፋድ ላይ መንገዱን ጠፈፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታባቸው ወሮች ናቸው። ጉሙ ቶሎ አይነሳም፣ ጭቃውም አይደርቅም። ከጳጉሜ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ዝናቡ ፋታ ይሰጣል፣ ሰማዩ ታጥቦ ይጠራል፣ አደይ አበባ ብቅ ይላል፣ የበቆሎ እሸት በየጥጉ በከሰል ይጠበሳል። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ይህን ያዙ። የሥራ ፈቃዳችሁ ነሐሴ ላይ ከሆነ ግን አትቅሩ፤ አንድ ትርፍ ቀን ጨምራችሁ ኑ። አንዱ ቀን ሙሉውን ዘንቦ ቢውል ሌላው አይጠፋችሁም።

ከሳምንቱ ቀናት ዓርብን ብታልፉት ይሻላል። በቤተ መንግሥቱ ግቢ መስጊድ አለ፤ የአካባቢው ሰውም አብዛኛው ሙስሊም ነው። የጁምዓ ሶላት ሰዓት ላይ ካሜራ አንጠልጥሎ ግር ማለት ደግ አይደለም። ከዓርብ ሌላ ቀን ከሌላችሁ ጠዋት ገብታችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ሐሙስ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በንጉሡ ዘመን ቤተ መንግሥቱ ከላይ ጅሬን፣ ትልቁ የሐሙስ ገበያ ከታች ሂርማታ ነበር፤ የዛሬዋ ጅማ ያደገችው በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከላይ ውላችሁ ከሰዓት በኋላ ገበያ ብትወርዱ የድሮው ነገሥታት መንደርና ገበያ እንዴት ተያይዘው ይኖሩ እንደነበር በእግራችሁ ትለኩታላችሁ።

ሰዓቱን በተመለከተ፦ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚመጣው። ጠዋት ደግሞ ጉም አለ። ስለዚህ ጉሙ ከተነሳ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ የእናንተ ነው። ሌላው ሁሉ ዕቅድ በዚህ ሦስት ሰዓት ዙሪያ ይገጣጠማል።

2. ጅማ መድረስ

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶ፣ በወልቂጤ አድርጎ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፣ ከዚያ በሰኮሩና በአሰንዳቦ በኩል ጅማ ይገባል። በክረምት ልብ የሚባለው ቦታ የጊቤ ቁልቁለት ነው። ጉም ሊኖር ይችላል፣ ከገደሉ ድንጋይና ናዳ ሊወርድ ይችላል፣ ከባድ መኪኖችም ቀስ እያሉ ነው የሚሄዱት። ጎህ ሲቀድ ተነሱ፤ በረሃውን በቀን ብርሃን እለፉ፤ ጅማም ሳይመሽ ግቡ። በሌሊት እነዳለሁ ለሚል ሰው ምንም የምመክረው የለኝም፤ አትንዱ ነው የምለው።

በአውሮፕላን ለሚመጣም ያው ጉም አለ። ወደ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚደረግ በረራ በአየር ጠባይ ሊዘገይ ስለሚችል የመጣችሁበትን ቀን ለጅሬን አትያዙት፤ ስትመለሱም በዚያው ቀን ሌላ በረራ ወይም ቀጠሮ አትደርቡ።

የምታድሩበትን ቤት ስትመርጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለ ወይ? አልጋው አጎበር አለው ወይ? ሙቅ ውሃው ጭቃ ለብሳችሁ ስትመለሱ ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ መብራት ከሌለ ደግሞ ሙቅ ውሃ የለም።

3. ምን ይያዝ?

ከሁሉ በፊት ጫማ። የጅማ አፈር ቀይ ነው፣ ሲረጥብ ያሙለጨልጫል፣ ከዚያ ደግሞ ሶል ላይ እየተደራረበ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ሶሉ ለስላሳ የሆነ ስኒከር አያዋጣም፤ የከተማ ሰው አብዛኛው የሚወድቀው በእሱ ነው። ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ካላችሁ እሱን አድርጉ። ከሌላችሁ ከጅማ ገበያ የላስቲክ ቦት ጫማ ግዙ፤ ገበሬው የሚያደርገው እሱኑ ነው። በቦት ጫማ ረጅም ካልሲ አድርጉ፤ አለበለዚያ አፉ ባታችሁን ይልጠዋል። አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ግዙና ሁለት ካልሲ ደርቡበት።

ጭቃው ሲያስመርራችሁ ጫማችሁን አውልቃችሁ በባዶ እግር ለመሄድ ያምራችሁ ይሆናል። አታድርጉት። እርጥብ አፈር ውስጥ በእግር ቆዳ የሚገባ የመንጠቆ ትል አለ፣ የተሰበረ ጠርሙስም አለ። ለዓመታት ቀይ አፈር በባዶ እግር የረገጠ ሰው እግሩ የሚያብጥበት በሽታም በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የታወቀ ነው፤ ለዚህ ነው የገጠሩን ልጅ ሁሉ ጫማ አድርግ የምንለው።

ልብስ በድርብርብ ይሁን። ጅማ በክረምት ቀን ላይ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሆናል፤ ሌሊትና ጠዋት ወደ 13 ገደማ ይወርዳል። ተራራው ላይ ነፋሱ ይጨምራል። ጂንስ ሱሪ አታድርጉ፤ አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፣ ይከብዳል፣ ይበርዳል። ቀለል ያለ ሱሪ፣ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ የዝናብ ልብስ። ዣንጥላ ለከተማው መልካም ነው፤ ለተራራው ግን ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ አንድ እጃችሁንም ይይዝባችኋል። ሴቶች እህቶቼ ሻሽ ወይም ነጠላ ብትይዙ ለመስጊዱ አካባቢ ያገለግላችኋል፤ ወንዶችም ቁምጣ ባትለብሱ።

ስልክና ገንዘብ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፤ ሁለት ፌስታል፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ። የመለወጫ ካልሲና ሸሚዝም እንዲሁ። ዝርዝር ብር መያዝ አትርሱ። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፤ ነጎድጓድ ባለበት ቀን ግን መብራትም ኔትወርክም ሊቆራረጥ ይችላል። መታወቂያም ያዙ።

4. ጠዋት ተነስታችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ

ይህን የሚነግራችሁ የአየር ትንበያ የለም። ጅሬን ከከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፣ 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከሆቴላችሁ ሰገነት ወይም ከመንገድ ዳር ቆማችሁ ወደዚያ ተመልከቱ። ጉሙ ነጭ ሆኖ ተራራው ወገብ ላይ ከተኛ፣ ጫፉ ደግሞ ከታየ፣ ደስ ይበላችሁ፤ ፀሐይ ስትሞቅ ይነሳል። ጫፉም ግርጌውም አንድ ላይ ጠፍቶ ሰማዩ አመድ ከመሰለ አትቸኩሉ። ቁርሳችሁን ብሉ፣ ሁለተኛ ቡና ጠጡ፣ በ3 ሰዓት ደግማችሁ እዩ። እስከ 4 ሰዓት ተኩል ካልተገለጠ በማግሥቱ ሂዱ፤ ያ ትርፍ ቀን የተያዘው ለዚህ ነው።

ጠዋቱ ጥርት ብሎ፣ ገና በ3 ሰዓት የሚያቃጥል ሙቀት ካለው ግን ፍጠኑ። እንዲህ ያለ ቀን ዝናቡ ቶሎ ይመጣል፣ ሲመጣም በነጎድጓድ ነው።

5. ባጃጅ ኮንትራት

ወደ ላይ የሚያወጣችሁ ባጃጅ ነው። ደርሶ መልስ ኮንትራት ተነጋገሩ፤ ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ግልጽ ይሁን፦ ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል፣ ዝናብ ቢጥል ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም፣ ገንዘቡ መቼ ይከፈላል። እኔ ሙሉውን የምከፍለው ስንመለስ ነው።

ይህን የተማርኩት በአንድ ነሐሴ ነው። የአክስቴን ልጅና ሁለት ልጆቿን ይዤ ወጥቼ ለሾፌሩ ሙሉ ሒሳቡን ገና ሳንወርድ ሰጠሁት። ዝናቡ ሲጀምር እሱ ሄዷል። ትንሿ ልጅ ብርድ መትቷት ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። አንዲት እናት በር ከፍተው «ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ» ብለው እሳት ዳር ባያስቀምጡን ምን እንደምሆን አላውቅም። ቡና አፈሉልን፤ ልጅቷን በጋቢያቸው ጠቀለሏት። ከዚያ ወዲህ ከልጆች ጋር ስወጣ ሒሳብ በፊት አልከፍልም፣ የሾፌሩንም ስልክ ሳልይዝ አልነሳም።

ባጃጁ ዳገቱ ላይ ከተንሸራተተ ውረዱ፤ ሳትለመኑ ውረዱ። የሰው ክብደት ሲቀንስለት ይወጣል። ከኋላው ቆማችሁ አትግፉ፣ ጎማው ጭቃውን ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል፤ ወደ ኋላ ቢንሸራተትም እግራችሁ ላይ ነው።

6. ግቢው ውስጥ

በር ላይ ስትደርሱ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» በሉ፤ እንደምን አደራችሁ ማለት ነው። ሲያስተናግዷችሁ «ገለቶማ» በሉ። ሁለት ቃል ናቸው፣ ፊቱ ግን ወዲያው ይፈታል። አስጎብኚው በዕድሜ ከገፋ «ጋሼ» ወይም «አባባ» ብላችሁ ጥሩ፤ በስሙ አትጥሩት።

የእንጨት ቤት ነው የምትገቡት። ጭቃችሁን ውጭ፣ ድንጋይ ወይም ሣር ላይ፣ በደንብ ጥረጉ። እንጨት ላይ የገባ እርጥብ ቀይ አፈር ሲደርቅ በእግር ሲረገጥ እንደ አሸዋ ይፍቀዋል። የዝናብ ልብሳችሁን ከመግባታችሁ በፊት አውልቃችሁ አራግፉት። የራሰ ቦርሳ ግድግዳና ምሰሶ ላይ አታስደግፉ። ደረጃው ላይ የእጅ መያዣውን ያዙ፤ እርጥብ ሶል በለሰለሰ እንጨት ላይ እንደ ሳሙና ነው። በመስጊዱ በኩል ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ መግባት ከተፈቀደላችሁም ጫማችሁን አውልቁ።

አስጎብኚው ስለ ታሪኩ ይነግራችኋል፤ ጥቂት አውቃችሁ ብትሄዱ ግን ጥያቄያችሁ ይሰፋል። ጅማ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ነበረች፤ ሌሎቹ ሊሙ ኢናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ሥልጣን የያዙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1878፣ ገና ወጣት ሳሉ ነው። ዘመናቸውም እስከ 1932 ዘለቀ። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል። ከጎረቤቶቻቸው ብዙዎቹ በጦርነት ሲያልቁ እሳቸው ለዳግማዊ ምኒልክ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ከጥፋት አዳኑ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውንም ይዘው ቆዩ። ስለ እናታቸው ስለ ገኔ ጉሚቲ ጠይቁ፤ ብልህ አማካሪ እንደነበሩ ይነገራል። የቤቱን ክፍሎች ስታዩ ይህን ይዛችሁ ከሆነ ባዶ ክፍል አይሆንባችሁም፤ መልእክተኛ የገባበት፣ ግብር የተቆጠረበት፣ ነጋዴ ደጅ የጠናበት ቤት ይሆናል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ዝናቡ እናንተ እዚያ እያላችሁ ከጀመረ ወደ ባጃጁ አትሩጡ። በረንዳው ላይ ቁሙ። መጀመሪያ ድምፁን ስሙት፤ ከታች ከከተማው በኩል እንደ ሩቅ ገበያ ጫጫታ እየቀረበ ይመጣል፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ከጎናችሁ ያለውን ሰው ለማነጋገር መጮህ ሊያስፈልጋችሁ ነው። ቀጥሎ የጣሪያውን ክፈፍ ተመልከቱ። ምን ያህል ወደ ውጭ እንደወጣ እዩ። ውሃው ከጫፉ ተነስቶ ሲወርድ ከግድግዳው ርቆ ነው መሬት የሚመታው። እዚያ መሬቱ ላይ ጠብታው የቆፈረው መስመር ታያላችሁ፤ ቀጥ ያለ፣ ቤቱን የከበበ፣ ትንንሽ ጠጠር ብቻ የቀረበት። ከመስመሩ ወዲህ ያለው መሬት ነፋስ ካልቀላቀለው በቀር ደረቅ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ ምሰሶውን ንኩት፦ ደረቅ ነው።

እንጨትን የሚገድለው ውሃ ገብቶበት ሳይደርቅ መቆየቱ ነው። የሚረጥብ ነገር ሁሉ የሚደርቅበት ጊዜ ካገኘ አይበሰብስም። ክፈፉ ውሃውን ያርቃል፣ በረንዳው ግድግዳውን ይከልላል፣ በእንጨት ርብራቡ የሚያልፈው ነፋስ ደግሞ የገባውን እርጥበት ያወጣዋል። አናጢዎቹ ይህን በወረቀት አልጻፉልንም፤ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቤት ሠርተው አሳዩን። ዛሬ ከተማ ውስጥ በሲሚንቶ ስንሠራ ክፈፉን ቆርጠን እንጥለውና በሦስተኛው ክረምት ግድግዳው ሻጋታ ሲያወጣ እንገረማለን። ቤት ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ ከዚህ በረንዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ እመኛለሁ።

ዝናቡ ሲያባራ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አታባክኑ። ደመናው ይቀደድና ከታች ጅማ ታጥባ ትታያለች፤ የቆርቆሮ ጣሪያው ሁሉ ያብለጨልጫል፣ ከየቤቱ የምድጃ ጭስ ይነሳል፣ ከየዛፉ መሐል እንፋሎት ይወጣል። ፎቶ የሚነሳው ያኔ ነው። የስልካችሁ ካሜራ ጉም ከለበሰ በሸሚዝ አትፈትጉት፤ ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ይሙቅ፣ ራሱ ይጠራል።

7. ነጎድጓድ ሲመጣ

ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሠላሳ ሳትደርሱ ድምፁ ከመጣ መብረቁ ቅርብ ነው፤ ሜዳ ላይ ካላችሁ ወደ ቤት ግቡ። ብቻውን የቆመ ትልቅ ዛፍ ሥር መጠለል የለመድነው ስህተት ነው፤ ተራራ ላይ መብረቅ የሚፈልገው እሱን ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በዚህ ላይ ከእኔ ጋር አትከራከሩ።

8. በእግር መውረድ

ጉልበት ያላችሁ በባጃጅ ወጥታችሁ በእግር ብትወርዱ ተራራውን ታውቁታላችሁ። ቡናው ከጥላ ዛፉ ሥር አረንጓዴ ፍሬውን ይዞ ታገኙታላችሁ፤ የሚቀላው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ አሁን አትቅጠፉት፤ የሰው ጉሮሮ ነው።

ለመውረድ ከዚህ በታች ያለውን ያዙ። መጀመሪያ ዱላ። ከመንገድ ዳር ቅርንጫፍ አትስበሩ፤ ልጆቹ ሸንበቆ ወይም በትር በትንሽ ገንዘብ ይሰጧችኋል። ዱላውን ከፊታችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ትከሉ፣ ከዚያ እግራችሁን። ርምጃችሁ አጭር ይሁን፤ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፍ። ሰው የሚወድቀው ሰውነቱን ወደ ኋላ ሲያጋድል ነው፤ ሲፈራ ያጋድላል፣ ሲያጋድል ተረከዙ ይሸሻል። ደረታችሁን ወደ ፊት አድርጉ። መሐል መንገዱ የተላገ ከሆነ ዳር ያለውን ሣር ርገጡ፤ የሰው ማሳ ላይ ግን አትውጡ። የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን የደበዘዘውን መሬት ምረጡ፤ የሚያብረቀርቀው ውሃ የለበሰ ሸክላ ነው። እጃችሁን ኪስ ውስጥ አትክተቱ።

ቁልቁል የሚወርድ ጎርፍ መንገዱን ከቆረጠው አትሻገሩ። ከጉልበት በታች ያለ ውሃ እንኳ ከፈጠነ ይጥላል። የተራራ ጎርፍ እንደመጣ ይሄዳል፤ ዝናቡ ካቆመ አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው።

መሬት ላይ ጥቁር መስመር ሠርቶ የሚሄድ ገብረ ጉንዳን ካያችሁ ተራመዱት እንጂ አትቁሙበት። ሱሪ ውስጥ ከገባ ማውለቅ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

9. ከሰዓት በኋላ ከተማ

ዝናቡ በርትቶ ሲወርድ የጅማ ሙዚየም ጥሩ መጠለያ ነው፤ ከላይ የሰማችሁትን ታሪክ እዚያ በዕቃ ታዩታላችሁ። ከዚያ ቡና። ቡናውን ለብቻው ምንም አልለውም፤ ጅማ ናችሁ።

ጠለቅ ብዬ የምነግራችሁ ስለ በርጩማ ነው። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ ብዙ ሰው ገዝቶ ይዞ የሚሄደው ዕቃ ነው፤ በክረምት ሲገዛ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ከውጭ ያለው ከውስጡ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ጅማ ላይ ያላንዳች እንከን የገዛችሁት አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ በሁለተኛው ሳምንት «ቷ» ብሎ ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ ሁለት እኩል የሚሆኑ በርጩማዎችን አንሱና ክብደታቸውን አወዳድሩ፤ ከዋንዛ የተሠሩ ሁለት እኩዮች ሆነው አንዱ በግልጽ ከከበደ ውሃው አልወጣለትም። ሥሩን ገልብጡና መዳፋችሁን አሳርፉ፤ የሚቀዘቅዝና ወዝ ያለው ከሆነ ተዉት። ጉንጫችሁ ላይ ብታስነኩት ቅዝቃዜው ይበልጥ ይታወቃል፤ አናጢዎቹ ራሳቸው ሲያደርጉት አይቻለሁ። «ከተፈለፈለ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ታማኝ አናጢ ይነግራችኋል። አዲስ የሆነውን ከወደዳችሁት ደግሞ ቤት ስትገቡ በጨርቅ ወይም በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ፀሐይና እሳት በማይደርስበት ጥግ ለሁለት ወር አኑሩት። ቀስ ብሎ ከደረቀ አይሰነጠቅም።

10. ሁለተኛ ቀን ካላችሁ

ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በሸቤ በኩል የበለጤ ደን አለ፤ ከጌራ ደን ጋር የተያያዘ ታላቅ የተፈጥሮ ደን ነው፣ ጫካ ቡና በውስጡ ይበቅላል። በክረምት ያለ አካባቢው ሰው ወደ ውስጥ አትግቡ፤ ቅጠሉ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ጉም ሲወርድ አቅጣጫ ይጠፋል። ከአስፋልቱ ዳር ግን በቀስታ ብትሄዱ ጉሬዛ አታጡም። ዝናብ ሲያባራ ከዛፉ አናት ላይ ነጭ ጭራውን ዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ ታገኙታላችሁ። ምግብ አትስጡት።

ሩቅ መሄድ ካልፈለጋችሁ የቦዬ ረግረግ ከከተማው አጠገብ ነው፤ ውሃ ወዳድ አእዋፍ የሚያይ ሰው ጠዋት ቢሄድ ደስ ይለዋል።

11. ከተመለሳችሁ በኋላ

የጭቃ ልብስ ረጥቦ ሳለ አትሹት፤ ቀይ አፈር ወደ ክሩ ውስጥ ይገባል። ይድረቅና በብሩሽ አራግፉት፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ በመጨረሻ በሳሙና። ጫማችሁን ምድጃ አጠገብ አታድርቁ፣ ሶሉ ይነቀላል፤ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩትና ጋዜጣውን ማታና ጠዋት ቀይሩ።

ጅማ ወባ የሚያገኘው ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ ይበዛል። አጎበር ውስጥ ተኙ፣ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ጅማ ነበርኩ፣ የወባ ምርመራ አድርጉልኝ» በሉ፤ ልጆችን ይዛችሁ ከነበረ እነሱን አስቀድሙ።